ጉዳዩ፦ ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይደወልልዎታል ስለተባልኩት ስልክ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከእናንተ በገዛሁት ዕቃ ጀልባ እየሠራሁ ነው፤ የላካችሁልኝ ኢፖክሲ (ሬዚንና ማጠንከሪያ ተቀላቅለው የሚጠነክሩበት ማጣበቂያ) ግን አልደረቀም። የትዕዛዜን ታሪክ ከመጀመሪያው አልተርክም። መዝገቡ እናንተ ጋ አለ። እኔም ለአራት ባልደረቦቻችሁ አራት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ ሐሙሱ ስልክ ነው።

ሰኞ ዕለት ባልደረባችሁ እንዲህ አለኝ። "ባለሙያችን ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይደውልልዎታል። የላኩትን ፎቶ አይቶታል። በዚህ አይጠራጠሩ።" አልተጠራጠርኩም። ሐሙስን ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ጀልባዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ባለሙያው ሲጠይቀኝ እያየሁ እንድመልስለት ብዬ ነው። ማስታወሻ ደብተሬም ተከፍቷል። ኢፖክሲውን የቀላቀልኩበት ቀን፣ ሰዓቱ፣ መጠኑ፣ የክፍሉ ሙቀት፣ ሁሉም ተጽፏል። 3 ሰዓት ሆነ። 4 ሆነ። 5 ተኩል ላይ ራሴ ደወልኩ።

ያነሳው ሰው ስሜን እንኳ አልጠየቀኝም። "ባለሙያው ዛሬ የለም" አለኝ። መቼ ይገባል? "አይታወቅም።" ታዲያ ቀጠሮዬስ? "ማን ነው የሰጠዎት?" እናንተ ናችሁ አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ጌታዬ፣ ምን አስቸኮለዎት? ውኃው እንደሆነ የትም አይሄድብዎት።" ከጀርባው ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ስልኩ ተዘጋ።

ያስቸኮለኝን ልንገራችሁ። ይህቺ ጀልባ 4 ሜትር ከ20 ናት። ኮምፔልሳቶው በልኩ ይቆረጥና ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ይሰፋል። ከዚያ መጋጠሚያው ከውስጥ በወፈረ ኢፖክሲ ይሞላል፣ በላዩም የፋይበር ግላስ ጥብጣብ ይለብሳል። ሽቦው ለጊዜው ነው፤ በኋላ ተቆርጦ ይወጣል። ጀልባዋን ዕድሜ ልኳን አንድ ላይ የሚይዛት ኢፖክሲው ነው። ቀዳዳዎቹን እኔ በትራፓኖ በሳሁ። ሽቦውን እያስገባች ያጠማዘዘችው የ12 ዓመት ልጄ ናት። ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል።

መጋጠሚያው ከተሞላ ዛሬ 11ኛ ቀኑ ነው። ጓንት አድርጌ አውራ ጣቴን ስጫነው እንደ ሰም ይሰረጎዳል። ጣቴን ሳነሳ ቀጭን ክር ተከትሎኝ ይመጣል። ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳ ያስቆጣል፤ ሲደጋገም አለርጂ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጄን ወደ ጀልባዋ እንዳትጠጋ ከልክያታለሁ። በየቀኑ "ደረቀ?" ትለኛለች። የምመልስላት የለኝም።

ያልደረቀበት ምክንያት ደግሞ ግልጽ ነው። የላካችሁልኝ ሬዚን ጣሳው ላይ 2 ለ 1 ይላል፤ ሁለት እጅ ሬዚን ለአንድ እጅ ማጠንከሪያ ማለት ነው። የማጠንከሪያው ጠርሙስ ላይ ግን 5 ለ 1 ተጽፏል። ሁለቱ ለየብቻ የተሠሩ ናቸው፤ አብረው አይሄዱም። ይህን ያየሁት ሳልቀላቅል በፊት ነው። ያኔውኑ ደወልኩላችሁ። "ሁሉም አንድ ነው፤ የጣሳውን ይከተሉ" ተባልኩ። በትንሽ ኩባያ ልሞክረው ብል "ለምን ያባክናሉ?" አለኝ ባልደረባችሁ። ቆየት ብሎም "እንዳይዘገይብዎት ማጠንከሪያውን ጨመር ያድርጉበት" ብሎ መከረኝ።

እዚህ ላይ በጣም ነው የተናደድኩት። ማጠንከሪያ ማብዛትና ማሳነስ የሚያዋጣው ፖሊስተር በሚባለው ሌላ ዓይነት ሬዚን ነው፤ እሱም በገደብ። የኢፖክሲ ማጠንከሪያ እንደዚያ አይደለም። ራሱ ከሬዚኑ ጋር በልክ ተዋህዶ ነው የሚጠነክረው። ሲበዛ ትርፉ የሚጣመረው አጥቶ መሃል ላይ ይቀራል፤ ሥራውም ለስላሳና ተጣባቂ ሆኖ ይቀራል። ኢፖክሲ የሚሸጥ ድርጅት ይህን እንዴት አያውቅም? ጨመር አድርጉ የተባልኩትን አልጨመርኩም። 2 ለ 1 የተባልኩትን ግን አምኜ ቀላቀልኩ። ለ5 ለ 1 የተሠራ ማጠንከሪያ ከእጥፍ በላይ ገባ ማለት ነው። በኋላ ቅሬታ ሳቀርብ ጥፋቱ የብርድ ነው አላችሁኝ። ቴርሞሜትሬ 22 ዲግሪ ነው የሚያሳየው፣ ሌሊትም ቀንም።

ካነሳሁት አይቀር፣ ዝም ብዬ ያሳለፍኳቸውም አሉ። ደረሰኙ ላይ ኮምፔልሳቶው "የባሕር፣ ቢኤስ 1088" ይላል፤ ይህ የባሕር ኮምፔልሳቶ የጥራት ደረጃ ነው። ጣውላው ላይ ግን ምንም ማኅተም የለም። ሁለተኛውን ጣውላ በመጋዝ ስቆርጥ ጠርዙ ላይ ትንሿ ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት ወጣ። የመሃሉ ንጣፍ ሳይገናኝ ነው የታሸገው። ውኃ እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ነው እንጨቱን ከውስጥ የሚያበሰብሰው። እውነቱን ለመናገር የጣውላው ንጣፎች የተጣበቁበት ሙጫ ጥሩ ነው። ቁራጩን አንድ ሰዓት ሙሉ ቀቅዬው አልተላቀቀም። ክፍተቱ ግን ክፍተት ነው። ጥብጣቡንም 15 ሴንቲ አዝዤ 10 ሴንቲ መጣልኝ። "ያው ነው" ተባልኩ። የሞተር ዋጋ ስጠይቅም ጀልባዬ ሞተሩ የሚሰቀልበት ከፍታ ስንት እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። 38 ሴንቲና 51 ሴንቲ የሚፈልጉት ሞተሮች የተለያዩ ናቸው። አጭሩ ሞተር ከፍ ካለ የጀልባ የኋላ ሰሌዳ ላይ ከተሰቀለ ውኃውን የሚገፋው ማራገቢያ አየር ይስባል፣ ጀልባውም አይገፋም። እሱም "ማንኛውም ይሆናል" ተባለ። እናንተ ጋ ሁሉም ነገር አንድ ነው።

መጀመሪያ የጠየቅኳችሁ ትክክለኛውን ማጠንከሪያ ብቻ ነበር። እሱን ብትልኩልኝ ያን ቀን ነገሩ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ያን ሁሉ ለስላሳ ነገር በመፋቂያ ፈቅፍቄ፣ በአሴቶን ጠርጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስከ እንጨቱ ማውረድ አለብኝ። ከታች ያሉት ሁለቱ ጣውላዎች ውስጥ ደግሞ ዘልቆ ገብቷል። እነሱን ማዳን የሚቻል አይመስለኝም። ስለዚህ የሚስማማ ሬዚንና ማጠንከሪያ በአንድ ላይ፣ ማኅተም ያለባቸው ሁለት ጣውላዎች፣ 15 ሴንቲ ጥብጣብ፣ እንዲሁም የአሴቶኑንና የብርጭቆ ወረቀቱን ወጪ እጠይቃለሁ። ማጓጓዣውን እናንተ ትችላላችሁ። ሐሙስ ያነጋገረኝ ሰው ራሱ ደውሎ ይቅርታ እንዲጠይቀኝም እፈልጋለሁ። ሌላ ሰው በእሱ ስም ቢደውልልኝ አልቀበልም።

እስከ መጪው ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ምላሽ ካላገኘሁ ምትክ ዕቃውንም አልፈልገውም። የከፈልኩት በሙሉ ይመለስልኝ፤ የላካችሁትንም መጥታችሁ ውሰዱ። ጉዳዩንም ለሸማቾች ጥበቃ አቀርባለሁ።

የጣሳውንና የጠርሙሱን ጽሑፍ፣ የተቆረጠውን ጠርዝና የመጋጠሚያውን ፎቶ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መጋጠሚያውን ያነሳሁት ዛሬ ጠዋት ነው። የአውራ ጣቴ አሻራ በደንብ ይታያል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ