የዋክሳሃቺው ፍርድ ቤት ከነአሠራሩ ይነገርለት

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በዳላስና በአካባቢዋ ለምንኖር አንባብያን የሚጎበኙ ቦታዎችን ስትጠቁሙ የዋክሳሃቺን ፍርድ ቤት መጨመራችሁ አስደስቶኛል፤ ይሁንና ጽሑፋችሁ በድንጋይ ጠራቢው የፍቅር ወግ ላይ ብቻ በመወሰኑ ሕንጻው የሚገባውን አላገኘም።

እንደሚወራው ጠራቢው ያረፈበትን ቤት ባለቤት ልጅ ወድዶ በመጀመሪያ መልኳን አሳምሮ ቀረጸ፤ ፊት ስትነሳው ግን ቅርጹን እያከፋው ሄደ። በመግቢያዎቹ ምሰሶዎች ራስ ላይ፣ ከቀይ ድንጋይ በተፈለፈለ ቅጠላ ቅጠል መካከል፣ ፊቶቹ በእርግጥ አሉ፤ አንዳንዶቹም ጥርሳቸውን አግጥጠዋል። ወጉን ግን በማስረጃ ያረጋገጠ የለም፤ ሕንጻው በተሠራበት፣ ሮማነስክ በሚባለው የአሠራር ስልት ደግሞ እንዲህ ያሉ ፊቶች የተለመዱ ጌጦች ናቸው።

ይልቅስ ሊወራለት የሚገባው የአርክቴክቱ የጄምስ ራይሊ ጎርደን ብልሃት ነው። የመሠረት ድንጋዩ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲጣል ፍርድ ቤቱ የተሠራለት የኤሊስ ካውንቲ ሀብት ጥጥ ነበር፤ የአየር ማቀዝቀዣ ገና አልተፈለሰፈም፤ የቴክሳስ የሐምሌና የነሐሴ ሐሩር ምን እንደሆነ ደግሞ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ጎርደን ሕንጻውን በመስቀል ቅርጽ ነድፎ፣ መግቢያዎቹን ክንዶቹ በሚገናኙባቸው ማዕዘኖች ላይ አደረጋቸው፤ መካከሉን ለደረጃው ክፍት ትቶ በላዩ የሰዓቱን ማማ አቆመ። በውስጥ የሞቀው አየር በዚህ ክፍተት እንደ ጭስ ወደ ማማው ሲወጣ፣ ጥላ ካረፈባቸው በረንዳዎች ቀዝቀዝ ያለው አየር በምትኩ ይሳብ ነበር። ክንዶቹ ወደ ውጭ የተዘረጉ በመሆናቸው ክፍሎቹ ከአንድ በላይ በሆነ አቅጣጫ መስኮት አላቸው፤ ከሳሽም ተከሳሽም ይቀመጡ የነበሩት ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቤት ነው። ከሩቅ ለግርማ ብቻ የቆመ የሚመስለው ማማ ሥራ እንዲሠራ የታሰበ አካል መሆኑን ያወቀ ጎብኚ ሕንጻውን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሕንጻው ለዛሬ የበቃውም በአጋጣሚ አይደለም። የቴክሳስ ግዛት የድሮ ፍርድ ቤቶቹ እየፈራረሱ መሆኑን ተገንዝቦ እ.ኤ.አ. በ1999 የጥገና መርሐ ግብር አቋቋመ፤ የዋክሳሃቺውም ታድሶ በ2002 ዳግም ተመረቀ።

በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ በዲኬተር ከተማ የሚገኘውን የዋይዝ ካውንቲ ፍርድ ቤት አብራችሁ ብትጠቅሱ እወዳለሁ። ከፎርት ወርዝ ሰሜን ምዕራብ ያለው ይህ የጎርደን ሥራ ሮዝ ቀለም ባለው ግራናይት የተገነባ ሆኖ በንድፉ ከዋክሳሃቺው ጋር እጅግ ይመሳሰላል፤ ሁለቱን ያየ ሰውም አርክቴክቱ የቱን እንደጠበቀ፣ የቱን እንደለወጠ ራሱ ማነጻጸር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ