ሪፖርቱን ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉት

ቀን፦ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች
ጉዳዩ፦ የሪፖርት ጽሑፍ ሥራን ይመለከታል

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ልጆቻችሁ በዚህ ሴሚስተር በቡድን ሆነው በግቢያችን የውኃ አጠቃቀም ላይ ሪፖርት ያዘጋጃሉ። አምና ከመጡልን ሥራዎች ብዙዎቹ ሽፋናቸው ያምራል፣ ጥርዛቸው ያምራል፤ ውስጣቸው ግን ስለ ዓለም የውኃ እጥረት ነው የሚያወራው። ስለኛ ቧንቧ አንድ መስመር የለም። ሁለቱማ ከአንድ ኮምፒውተር ቤት የወጡ መንትዮች ነበሩ፤ የተቀየረው የተማሪዎቹ ስም ብቻ ነው።

ዘንድሮ እንዲህ እንዳይሆን የምንፈልገውን በግልጽ እንንገራችሁ።

«በትምህርት ቤታችን ውኃ በከፍተኛ ሁኔታ እየባከነ ይገኛል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ምንም አልነገረንም። ከፍተኛ ማለት ስንት ነው? ማን ለካው? መቼ? ይልቅ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ያስቀምጥና ሰዓት ይያዝ። በ1 ሰዓት ከሞላ፣ ቧንቧው ቀን ከሌት እንደዚያው ከቀጠለ፣ በቀን 24 ሊትር ይፈሳል። በ30 ቀን 720 ሊትር ነው። ይህን ያነበበ ኃላፊ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ሪፖርት የሚጻፈውም አንብቦ ለሚወስን ሰው ነው።

ያዩትንና የገመቱትን አይቀላቅሉ። ቧንቧው ማንጠባጠቡ ግኝት ነው። «ጎማው ሳያልቅ አይቀርም» ግን ግምት ስለሆነ ግምት ተብሎ ይጻፍ። ቀን ሲጠቅሱ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መሆኑን ይግለጹ፤ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ቀላል አይደለም። ማጠቃለያው ከፊት ይግባ፣ ከግማሽ ገጽ አይለፍ፤ የሚጻፈው ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ሥራ የሚበዛበት አለቃ ብዙ ጊዜ እሷን ብቻ ነው የሚያነባት። የልኬት ሠንጠረዡ በአባሪ ይያያዝ።

መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ወላጆች የሩብ ዓመት ሪፖርት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። «ከፍተኛ ርብርብ ተደርጎ አመርቂ ውጤት ተመዝግቧል» ይላል፤ ስንት ታቅዶ ስንት እንደተሠራ ግን ፈልጎ ማግኘት ነው። «ያጋጠሙ ችግሮች» ሥር ደግሞ ያው የተለመደው የበጀት እጥረት አለ። ልጆቻችን ነገ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ከአፓረንትሺፕ (ከሥራ ላይ ልምምድ) ሲመለሱ ሪፖርት ይጠየቃሉ፤ ሥራ ሲይዙም በየሩብ ዓመቱ ይጽፋሉ። ይህን ቋንቋ ሳይለምዱ ቢደርሱ ይሻላል።

እናንተን የምንለምናችሁ እንዳትጽፉላቸው ነው። ኮምፒውተር ቤት ማስተየብ ይቻላል፣ ማጻፍ አይቻልም። ቻትጂፒቲን ፊደል ለማረም ቢጠቀሙበት አንቃወምም። ነገር ግን ያልለኩትን ቁጥር አሳምሮ ሊፈጥርላቸው እንደሚችል ንገሯቸው። ከሌላ ቦታ ሐሳብ ከወሰዱም ከየት እንደወሰዱ ይጻፉ።

ማታ ላይ ያንብቡላችሁ። ቁጥር ወይም ድምዳሜ ላይ ሲደርሱ «ይህን እንዴት አወቃችሁ?» በሏቸው። «እንዲሁ ነው» ካሉ ተመልሰው ይለኩ። ይህ ጥያቄ ትምህርት ለገፋም ላልገፋም ወላጅ እኩል ይመቻል፤ እኛም የምናርመው በዚሁ ነው።

የቀለም ፕሪንትና ስፓይራል ጥርዝ አያስፈልግም፤ ብራችሁን አታውጡ። በስቴፕለር የተያያዘ ነጭ ወረቀት ይበቃል። በእጅ የተጻፈ የልኬት ማስታወሻ ያልተያያዘበትን ሥራ ግን አንቀበልም።

ረቂቁን አርብ ኅዳር 5፣ የመጨረሻውን ሥራ አርብ ኅዳር 19 እንረከባለን። ጥያቄ ያላችሁ ወላጆች ቅዳሜ ጥቅምት 29 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቢሮዬ ታገኙኛላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለ11ኛ ክፍል ኃላፊ መምህራን