ለጎንደር ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ለአንድ ቀይ ሳጥን አንድ ክፍል

ይድረስ ለክቡር የጎንደር ከተማ ከንቲባ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ አዘዞ ላይ አንድ ክፍል እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

ጉዳዬን በግማሽ ገጽ ለመጨረስ አስቤ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ግን ስሌቱን ሳያሳይ መልሱን ብቻ መጻፍ አይሆንለትምና ይታገሡኝ።

ሳሎኔ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ባለ ሰባት መሳቢያ ቀይ የብረት የመሣሪያ ሳጥን ቆሟል። የታላቅ ወንድሜ ነው። እኛ ታናናሾቹ ወንድም ጋሼ ነበር የምንለው። ቶሮንቶ ውስጥ የአውሮፕላን ጥገና መሐንዲስ ሆኖ ኖረ፤ ባለፈው ዓመት እዚያው ዐረፈ። ሳጥኑ ጎንደር እንዲገባ ተናዝዞ ስለነበር ሴቶች ልጆቹ ላኩልኝ። በመንገድ ላይ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፣ መዝገብ ላይ «ያገለገለ ብረታ ብረት» ብሎ አስፍሮታል። ጸሐፊው አልዋሸም። ብረት ነው፤ አገልግሏልም። እኔ ግን ያን ወረቀት ባየሁ ቁጥር እናታችን ትመጣብኛለች።

ወንድም ጋሼ መካኒክነት ሊማር አዲስ አበባ የሄደ ጊዜ እናታችን የሞተ ሰው ያህል አለቀሰችለት። «ልጄ ቀጥቃጭ ሊሆን ነው?» ነበር ያለችው። በእኛ አገር ነገሩ እንዴት እንደነበር ለእርስዎ ማስረዳት አይገባኝም። ቀጥቃጩ የሠራው ማረሻ ያርሳል፣ ማጭዱ ያጭዳል፤ እርሱ ራሱ ግን ቡዳ ነው፣ ልጅ አይሰጠውም፣ ምግብ ፊት እንዲቆም አይፈለግም። ጎረቤት ስለ ልጇ ሲጠይቃት «አየር መንገድ ገብቷል» ትላለች። ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ ከመጣ ተነሥታ ቡና መውቀጥ ትጀምራለች።

ያደግነው አዘዞ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ነው። በዚያን ጊዜ የምትመጣው ባለ ሁለት ሞተሯ ዳኮታ ነበረች፤ ጅራቷን መሬት አስነክታ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ የምትቆም። ከብቶቹን ጥለን እንሮጥ ነበር። እኛ የአብራሪውን ኮፍያና መነጽር ስናይ ወንድም ጋሼ መሰላል ላይ ወጥቶ የሞተሩን ሽፋን የከፈተውን ሰውዬ ነበር የሚያየው። ከብቶቹ የሰው ማሳ ገብተው ማታ የተገረፈውም እርሱ ነው። ታላቅ ነዋ።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ እንደ ብዙ የጎንደር ልጅ፣ በመተማ በኩል ሱዳን ወጣ። ስለ መንገዱ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም አልጨምርበትም። ከካርቱም ካናዳ ገባ። እዚያ የያዘው የትምህርት ወረቀት አልበቃውም። ሌሊት የአውሮፕላን ወለል እየጠረገ፣ ቀን እያጠና፣ እንደ ገና ተፈትኖ ትልልቆቹን ጄቶች ለመጠገን የሚያበቃውን ኤም 2 የተባለ ፈቃድ አወጣ። በዚያ ሙያ የሥራው ማሠሪያ ፊርማ ነው። መሐንዲሱ ተጠግኗል፣ መብረር ይችላል ብሎ ካልፈረመ አውሮፕላኑ ከመሬት አይነሣም። «ፊርማዬን አምኖ ሦስት መቶ ሰው ተኝቶ ውቅያኖስ ይሻገራል» ይል ነበር።

አውሮፕላን ቀን ይሠራል፣ ሌሊት ይጠገናል። ስለዚህ ወንድም ጋሼ ዕድሜውን በሌሊት ፈረቃ ጨረሰው። ኋላ አለቃ እናድርግህ ሲሉት የቀን ሥራ ነው ብሎ እምቢ አለ። ሚስቱ ቀን ትሠራ ስለነበር ልጆቹን ለማን ይተዋቸው? ንጋት ላይ ይገባል፤ በዘይት የጠቆረ እጁን ሦስት ጊዜ ታጥቦ የሁለቱን ሴቶች ልጆቹን ፀጉር ይጎነጉናል፣ ፍርፍር አብልቶ ትምህርት ቤት ያደርሳል፣ ከዚያ ይተኛል። ሹሩባ መሥራት ማን አስተማረህ ብዬ ብጠይቀው «ማሰሪያ ሽቦ ነው እኮ» አለኝ። የአውሮፕላን ብሎን በንዝረት እንዳይፈታ አናቱ ላይ በተበሳው ቀዳዳ ሽቦ አሳልፈው፣ ጎንጉነው ከጎረቤቱ ብሎን ጋር ያስሩታል፤ አንዱ ልላላ ሲል ሽቦው ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ ይስበዋል። ልጆቹ እንደነገሩኝ ሹሩባቸው ሳምንት ሙሉ አንድ ፀጉር አያፈተልክም ነበር።

ለእናታችን ደግሞ፣ ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን፣ መንገደኛ ባገኘ ቁጥር ድምፁን በካሴት ቀድቶ ይልካል። ሰላምታው፣ የልጆቹ ነገር፣ የብርዱ ነገር ካለቀ በኋላ መጨረሻው ላይ የሞተር ድምፅ ይመጣል። «እምዬ፣ ይህን እኔ ነኝ ያዳንኩት» ይላታል። ያን ከሰማች በኋላ እናታችን ቡና መውቀጧን ትታ «ልጄ ሐኪም ነው፣ የአውሮፕላን» ማለት ጀመረች። የወንድም ጋሼ ደመወዝ ከስድስታችን አራታችንን አስተምሯል፤ እኔ ከአራቱ አንዱ ነኝ።

ስልክ ከገባልን በኋላ እሑድ የእርሱ ነበረች። ከቅዳሴ ስንመለስ ይደውላል፤ ልጆቼን አንድ በአንድ እየጠራ ሒሳብ ይጠይቃቸዋል። አንዱን ታሪክ እኔም ክፍል ውስጥ ለዓመታት አስተምሬበታለሁ። ሐምሌ 1975 ዓ.ም. ካናዳ ከፓውንድ ወደ ኪሎ እየተሻገረች ሳለ አንድ ቦይንግ 767 22,300 ኪሎ ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። አንድ ሊትር ነዳጅ ወደ 0.8 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ያሰሉት ሰዎች ግን 1.77 ብለው ነበር፣ እርሱ የፓውንዱ ቁጥር ነው። የተሞላው 22,300 ፓውንድ ሆነ፤ ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ማለት ነው። 41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ነዳጁ አለቀ፣ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። አብራሪዎቹ እንደ አሞራ አንሳፍፈው ጊምሊ በተባለ አሮጌ የጦር አውሮፕላን ማረፊያ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው የለም። ወንድም ጋሼ ልጆቼን «ስህተቱ የት ነው?» ይላቸዋል። ማባዛቱ ላይ ስህተት አልነበረም። ትንሿ ልጄ «ምን እንደቆጠሩ አልጻፉም» ብላ የመለሰች ቀን፣ በስልኩ ውስጥ ያጨበጨበው ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ሌላ እሑድ ደግሞ ነበር። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ቤተ እስራኤላውያኑ በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአየር ተወሰዱ፤ 14,000 የሚያህል ሰው። እዚህ ጎንደር አጠገብ የነበሩት የወለቃ ሸክላ ሠሪዎችና ቀጥቃጮችም ወገኖች ናቸው። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ፣ ቦይንግ 747፣ ወንበሮቹ ተነቅለው ከ1,000 በላይ ሰው ጭኗል። ከዓመታት በኋላ ይህን ስናወራ እኔ ስለ ሰዎቹ ሳነሣ እርሱ ወንበሮቹን በስንት ሰዓት ነቀሏቸው ይለኛል። ተናድጄ ስልኩን ልዘጋ ስል ዝም አለ፤ ቆይቶ «ማረሻ ማን ይሠራላችኋል አሁን?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ክቡር ከንቲባ፣ አዘዞ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል። እኒህ ንጉሥ በ1858 ዓ.ም. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ የላኩት ባለ እጅና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ነበር። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት፣ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚከብደውን መድፍ በተራራ ላይ ያስጎተቱት፣ ባለ እጅ ስለተራቡ ነው። እኛ ስማቸውን በር ላይ ሰቅለን ባለ እጃችንን በመተማ ሸኘነው። ከወጣ በኋላም የምንጠይቀው ስለ ኪሱ ነው። ወንድም ጋሼ ለዕረፍት በመጣ ቁጥር ስብሰባ ይጠሩታል፤ ስንት ታዋጣለህ፣ ሆቴል አትሠራም ወይ፣ መሬት አትወስድም ወይ ይሉታል። አዋጥቷል፤ አልሰሰተም። ሲመለስ ግን «እጄን የሚጠይቅ ጠፋ» ነበር ያለኝ።

መጨረሻ የመጣ ጊዜ አዘዞ አጥር ሥር ወስጄው ኪው 400 የተባለችው አውሮፕላን ስታርፍ አየን። ጎረቤቱ እንደመጣችለት ነው ደስ ያለው። የተሠራችው እርሱ ከሚኖርበት ቶሮንቶ ነዋ። ሞተሯን፣ ስድስት ስድስት ቅጠል ያላቸውን ማራገቢያዎቿን፣ ጎንደር ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ሳስቶ ለመነሣት ረዘም ያለ መሬት እንደሚያስፈልጋት ነገረኝ። አጠገባችን ፍየል የሚጠብቁ አራት ልጆች ቆመው ነበር። አንደኛው አብራሪውን አላየም፤ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ያለውን ሰው ነበር የሚያየው። ወንድም ጋሼ ክርኑን ጎኔ ላይ ደገፍ አድርጎ «አየኸው?» አለኝ። ሳጥኑን የተናዘዘው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። አዘዞ ውስጥ፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ቀበሌ፣ መብራት ያለው አንድ ክፍል ይፈቀድልን። ጠረጴዛውንና መደርደሪያውን እኛ ቤተሰቦቹ እናሠራለን። ልጆቹ የጥገና መጻሕፍቱንም ይልካሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ሒሳቡን አስተምራለሁ፤ ከጡረተኛ መካኒኮች ሁለቱ እጅ ሥራውን እናስተምራለን ብለዋል። የምንጠይቀው ግዴታ አንድ ነው፤ መሣሪያው በመስታወት ውስጥ አይቆለፍ፣ ልጆች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ይንኩት። ስሙ በመንገድ ላይ እንዲጻፍለት አንፈልግም። እርሱም ይስቅብናል።

ስለ ርክክቡ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ። በሳጥኑ መሳቢያዎች ውስጥ ስፖንጁ በየመሣሪያው ቅርጽ ተቀርጿል፤ ካቻቢቴው የካቻቢቴ፣ ፒንሳው የፒንሳ ጎድጓዳ አለው። ሥራ ሲያልቅ ባዶ ጎድጓዳ ከታየ አውሮፕላኑ አይለቀቅም፤ የጠፋው መፍቻ ሞተር ውስጥ ሊሆን ይችላልና። እኔም ቅዳሜ ማታ እቆጥራለሁ። 143 መሆን አለበት፤ አሁን 142 ነው። የጎደለው 10 ቁጥር መፍቻ ነው። የሠፈራችን አንድ ልጅ የወፍጮ ቤቱን ሞተር ሊያይ ተውሶኝ ሄዷል፤ አርብ እመልሳለሁ ብሏል። ከአርብ በፊት ሰው ቢልኩ እባክዎ እንዳይፈርም ይንገሩልኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር፣ አዘዞ