ሳይገናኙ የከረሙ ሁለት ወረቀቶች

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጉበት በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስለ ሄፓታይተስ ቢ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ ውፍረት የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ አንጀት ግን አንድም ቃል የለበትም፤ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው። በጣና ዙሪያ ባሉ ጤና ተቋማት 31 ዓመት ሰገራና ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። የአንጀትና የጉበት ነገር ቤቴ ድረስ የመጣው ግን ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ በእህቴ ልጅ።

ልጁ ባሕር ዳር ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። በ23 ዓመቱ ሆዱን ይቆርጠው፣ ደምና ንፍጥ የቀላቀለ ተቅማጥ ያጣድፈው ጀመር። ተመረመረ፤ "አሜባ ነው" ተባለ። ሜትሮኒዳዞል ወሰደ፣ ሁለት ሳምንት ተሻለው፣ ተመለሰበት። ቲኒዳዞል ተሰጠው፤ እሱም እንደዚያው። ቀጥሎ፣ ያደገው ጣና ዳር ዘጌ፣ ሐይቁ ውስጥ እየዋኘ ስለሆነ "ቢልሃርዚያ ይሆናል" ተብሎ ፕራዚኳንቴል ዋጠ። ተቅማጡ አልተወውም። ሥራ ሲወጣ የሚመርጠው መስመር መንገደኛ የሚበዛበትን ሳይሆን መጸዳጃ ቤት የሚገኝበትን ነበር። ለማንም አልተናገረም፤ የሆድ ነገር ያሳፍራል።

በሁለተኛው ዓመት ሌሊት ሌሊት ሰውነቱን ያሳክከው ገባ፤ ሽፍታ የለም፣ ማሳከክ ብቻ። ከዚያ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። እህቴ "ወፍ መታው" አለች፤ በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን ሌላ ስም የለውም። ቅጠል ተጨምቆ በባዶ ሆዱ ጠጣ። ወደ እኔ ያመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

የምርመራ ወረቀቶቹን ሁሉ በፌስታል አጭቆ ይዞ ነበር። ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኋቸውና በየቀናቸው ደረደርኋቸው። 11 የሰገራ ውጤቶች፤ ስምንቱ ላይ አሜባ ይላል። በመካከላቸው አንድ የደም ምርመራ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የጉበት ሴሎች ሲጎዱ የሚጨምሩት ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ትንሽ ከፍ ብለዋል፤ የሐሞት መውጫ ሲታወክ የሚጨምረው አልካላይን ፎስፋቴዝ ግን ከጤናማው ጣሪያ አራት እጥፍ ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው ዓይኑ ቢጫ ከመሆኑ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት ነው። ሰገራውን ያየ ደሙን አላየም፤ ደሙን ያየ ስለ ሰገራው አልጠየቀም። ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ፌስታል ውስጥ ሳይገናኙ ከረሙ።

በኋላ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁን አንጀት በካሜራ ማየት፣ ተሠራለት፣ ከአንጀቱም ናሙና ተወሰደ፤ አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ሆነ፤ የትልቁ አንጀት ብግነትና ቁስለት ማለት ነው። አዲስ አበባ ሄዶ የሐሞት ቱቦዎቹ በኤምአርአይ ሲታዩ ደግሞ አንድ ቦታ ጠብበው፣ አንድ ቦታ ሰፍተው፣ እንደ መቁጠሪያ ሆነው ተገኙ። ፕራይመሪ ስክለሮዚንግ ኮላንጃይቲስ ይባላል። የሐሞት ቱቦዎች ይቆጣሉ፣ ጠባሳ ይይዛሉ፣ ይጠባሉ፤ ሐሞት መውጫ ሲያጣ ጉበቱን ይጎዳዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ይህ የቱቦ በሽታ ካለባቸው 100 ሰዎች ወደ 70 የሚሆኑት የአንጀት ብግነትም አለባቸው። አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ካለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ አምስት ያህሉ የቱቦው በሽታ ያገኛቸዋል። ከታማሚዎቹ የሚበዙት ወንዶች ናቸው።

ዝምድናው አዲስ ግኝት አይደለም። በ1874 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሐኪም ትልቁ አንጀቱ የቆሰለ፣ ጉበቱም በስብ ያበጠ በሽተኛ ነገር ጽፎ አሳትሟል። እኛ የጣና ሰዎች ደግሞ ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር፤ ቢልሃርዚያ ስታስተምረን ኖራለችና። ትሏ እንቁላሏን የምትጥለው በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ የቀረውን ደሙ ጠርጎ ጉበት ውስጥ ይወትፈዋል። ከአንጀት የሚመለሰው ደም በፖርታል ደም ሥር አድርጎ መጀመሪያ ጉበት ይገባልና፤ ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው፣ ማለትም ከአራት እጅ ሦስቱ፣ በዚያ መንገድ የሚመጣ ነው። እንቁላሉ በተወተፈበት ጠባሳ ይሠራል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ በመጨረሻ ሰውየው ድንገት ደም ያስታውካል። በሐይቁ ዳር ደንገል ሲያጭዱ፣ መረብ ሲጥሉ ያደጉ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ የመጡ ስንት ሰዎች ደም ቀድቻለሁ! ኤስጂፒቲያቸው ብዙ ጊዜ ጤናማ ሆኖ ይወጣል፤ ጠባሳው የሚያርፈው በደም ሥሮቹ ዙሪያ ስለሆነ የጉበቱ ሴሎች እስከ መጨረሻው ሥራቸውን ይሠራሉ።

ስለ አሜባውም እውነቱን ልናገር። በጨው ውሃ ተበጥብጦ ማይክሮስኮፕ ሥር የሚታይ ሰገራ ብዙ ያሳስታል። አንጀት ሲቆጣ ከቁስሉ የሚወጡት ትልልቅ ነጭ የደም ሴሎች ለቸኮለ ዓይን አሜባ ይመስላሉ። እውነተኛ አሜባ ቢታይ እንኳ ጉዳት የማያደርስ ዘመድ አለው፤ ቀይ የደም ሴል ውጦ ካልተገኘ በቀር ሁለቱን በማይክሮስኮፕ መለየት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ካስታወቀ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል። በር ላይ 60 ሰው ተሰልፎ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ ይዤ፣ ያየሁት የተንቀሳቀሰ ስለመሰለኝ ብቻ "አሜባ ታይቷል" ብዬ የፈረምሁባቸው ቀኖች ነበሩ። ከእነዚያ ሰዎች መካከል እንደ እህቴ ልጅ ያለ ስንት ነበር? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሣኛል።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በአሜባ መድኃኒት አንድ ጊዜ ታክሞ ከተመለሰ፣ ሌላ ዙር ከማዘዝ በፊት የጉበት ምርመራ ይደረግ፤ በእሱም ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ አይቅር። ብዙ ቦታ "የጉበት ምርመራ" ተብሎ የሚታዘዘው ኤስጂኦቲና ኤስጂፒቲ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ አልካላይን ፎስፋቴዝ፣ ከዚያው ከተቀዳው ደም፣ በዚያው ማሽን የሚወጣ ነው። በእርግጥ በሚያድግ ልጅና በአጥንት በሽታም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ብቻውን አይፈርድም፣ ጥያቄ ያስነሣል እንጂ። በተቃራኒውም፣ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይኸው ቁጥር ከፍ ብሎበት የመጣ ሰው ስለ ሰገራው ይጠየቅ። በቱቦው በሽታ የተያዙ ሰዎች የአንጀት ብግነታቸው ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ነው፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ደግሞ የትልቁ አንጀት ካንሰር አደጋ በጣም ይጨምራል፤ ለዚህ ነው በየዓመቱ ኮሎኖስኮፒ እንዲሠራ የሚመከረው።

ከፋርማሲ ፕሬድኒሶሎን ገዝተው ለሚውጡ አንድ ቃል። ይህ መድኃኒት የአንጀት ብግነትን ያበርዳል፤ ያለ ምርመራ ሲወሰድ ግን ነፍስ ያጠፋል። የአንጀት ቲቢ ክሮንስ ከሚባለው ሌላው የአንጀት ብግነት ጋር ይመሳሰላል። በ1932 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ውስጥ ዶክተር ክሮንና ጓደኞቹ በሽታውን ሲገልጹ አንዱ ጭንቃቸው ከቲቢ መለየት ነበር። ቲቢ ላይ ፕሬድኒሶሎን ብቻውን ከተሰጠ ቲቢው ይስፋፋል። እውነተኛ አሜባ ካለ አንጀቱ ሊበሳ ይችላል። ተደብቆ የኖረ ሄፓታይተስ ቢ ይቀሰቀሳል። ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው ትል ደግሞ፣ በእኛው አካባቢ ሕፃናት ላይ በብዛት የተገኘውና በተለመደው ምርመራ የማይያዘው፣ መላ ሰውነት ውስጥ ይራባል። እነዚህ አራቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው።

አሁን ወደ ምርምሩ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የክልሉ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አሏት። ኮሎኖስኮፒ ተሠርቶለት የአንጀት ብግነት የተገኘበት ሰው ሁሉ የሚመዘገብበት አንድ የጋራ መዝገብ ይከፈት እላለሁ። የጉበቱ ውጤት ከጎኑ ይጻፍ፤ የቢልሃርዚያና የሄፓታይተስ ታሪኩም አብሮ። በውጭ አገር ከተጠናው አብዛኛው የተጠናው ቢልሃርዚያ በሌለበት ሕዝብ ላይ ነው። በቢልሃርዚያ የተጠባሰ ጉበት ላይ የአንጀት ብግነት ሲጨመር ምን እንደሚሆን ከጣና ዳር የተሻለ ማን ሊነግረን ይችላል? የአሳማ አንጀት ትል እንቁላል የአንጀት ብግነትን ያበርዳል ተብሎ በ2005 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በጥቂት ሰዎች ላይ ተሞክሮ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ በኋላ የመጡት ሰፋ ያሉ ሙከራዎች አላረጋገጡትም። "ትል ባለበት አገር ይህ በሽታ የለም" የሚል ሐኪም ሰምቻለሁ። የእህቴ ልጅ ቢልሃርዚያ ካለበት ውሃ ወጥቶ ነው የታመመው። በቱቦው በሽታ በኩልም ቢሆን በሽታውን እንደሚያቆም የተረጋገጠ መድኃኒት ዛሬም የለም። ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ የሚባለው መድኃኒት በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አሳይቷል።

አገር ውስጥ ጠይቆ መልስ ማግኘት እንደሚቻል አይተናል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያን አስተላላፊ መግደያ ያገኙት። ሐረር ውስጥም ምክንያቱ የማይታወቅ የጉበት በሽታ ሲበዛ ተመራማሪዎች የሚበላውንና የሚቃመውን ጠየቁ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው ጫትን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል። ባሕር ዳር ዙሪያ ስንት ማሳ ጫት እንደለበሰ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

የእህቴ ልጅ አሁን መድኃኒቱን ይወስዳል፣ ተቅማጡ ቆሞለታል፣ ባጃጁን ይነዳል። ማሳከኩ አልተወውም። በየስድስት ወሩ ደሙ ይታያል፤ የሁለተኛው ኮሎኖስኮፒ ቀጠሮው ለኅዳር ነው። ወረቀቶቹን በቀናቸው ሰፍቼ አስቀምጫቸዋለሁ፤ 11ዱ የሰገራ ውጤቶችና ያቺ አንዲት የደም ምርመራም አሉበት። መዝገቡን የሚከፍት ሐኪም ወይም ተመራማሪ ከተገኘ፣ ልጁ ፈቅዷል፤ ይዤ እመጣለሁ።

ጡረታ የወጣሁ የላብራቶሪ ባለሙያ
ከባሕር ዳር