ውርጩን ችላችሁ ላመሻችሁልን የደብረ ብርሃን ሰዎች

ለተከበራችሁ የደብረ ብርሃንና የአካባቢዋ የሙዚቃ ወዳጆች፤

ከጥምቀት በኋላ በነበረው ቅዳሜ ምሽት ሦስት ኢንዲ ባንዶች፣ ማለትም ያለ አሳታሚና ያለ ስፖንሰር በራሳቸው ኪስ የሚንቀሳቀሱ ባንዶች፣ ከተማችን ውስጥ ተጫውተው በሰላም ወደየቤታቸው ገብተዋል። አንዱ የዚሁ የደብረ ብርሃን ነው፣ አንዱ ከአዲስ አበባ መጣ፣ አንዱ ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ጣርማበርን ወጥቶ ደረሰ። ያሰናዳነው ሰዎች የነዚህ ባንዶች አድማጮች እንጂ ነጋዴዎች አይደለንም። «ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ብሎ መዝጋት ቀላል ነበር። ግን ትንሽ ባንድ መድረክ ላይ አምሮ እንዲሰማ የሚያደርገው ሥራ አብዛኛው ከመድረክ በታች ስለሚሠራ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ባያደርገው ምን ይበላሽ እንደነበር እየጠቀስን ብናመሰግን ይሻላል ብለናል። ስም አንጠራም፤ ሥራው ባለቤቱን ያውቃል።

ከሁሉ አስቀድሞ ባና፣ ማለትም ወፍራሙን የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያዋሳችሁን የመንዝ እናቶች። የአዳራሹ ግድግዳ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ድራም ሲመታ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ስለሚቆይ የዘፋኙ ቃል ተውጦ ይቀራል። ብዙ ሰው «ጮኸ እንጂ አልተሰማም» የሚለው ይህን ነው። ሳውንድ ማኑ ድምፅ ቢጨምር ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ የሚላተመውም አብሮ ይጨምራል። ዐሥራ አራት ባና መጣልን። ዘጠኙ ከመድረኩ ትይዩ ባለው የኋላ ግድግዳ ተሰቀሉ፤ የተሰቀሉትም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ሳይሆን አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብለው ነው፤ ከሱፉ ጀርባ አየር ሲኖር ይበልጥ ይውጣል። አንዱ ተጠቅልሎ ቤዝ ድራሙ ሆድ ውስጥ ገባ፤ «ቡምምም» የሚለው ድምፅ «ቡም» ሆነ። የቀሩት አራቱ ተጣጥፈው በማይክ ማቆሚያዎቹ ሥር ተነጠፉ። መድረኩ የባሕር ዛፍ ጣውላ ስለሆነ እስክስታ ሲወረድ ይንቀጠቀጣል፣ ንቅጥቅጡ በማቆሚያው ብረት ወጥቶ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ በስፒከርም ገዝፎ ይወጣል። በዚያ ምሽት አልወጣም።

ጋቢና ቡልኮ ለብሳችሁ የመጣችሁም ሳታውቁት ሠርታችኋል። ሳውንድ ቼክ፣ ማለትም የድምፅ ሙከራው፣ የተደረገው በ9 ሰዓት፣ አዳራሹ ባዶ ሳለ ነው። ባዶ ቤት ሹል ድምፅ ይበዛበታል፤ በዚያ ልክ ተስተካክሎ የተተወ ሚክሰር (የሁሉንም ድምፅ የሚያመጣጥነው ዕቃ) ሕዝብ ሲገባ ደብዝዞ ይሰማል፣ ጥጥ የለበሰ ሰው ሹሉን ድምፅ ይጠጣዋልና። ሳውንድ ማኑ ይህን ስላወቀ የመጀመሪያውን ዘፈን ሙሉ ሚክሰሩ ላይ ተደፍቶ እንደገና ሲያስተካክል ነበር። የመጀመሪያው ዘፈን ከሁለተኛው ያነሰ የመሰላችሁ ጆሯችሁ አልተሳሳተም። ባንዶቹም ይህን ስለሚያውቁ ምርጣቸውን አስቀድመው አይጫወቱም።

ከሸዋ ሮቢት የመጡት ልጆች ምስጋናቸው ለብቻው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ፣ በመሐል ያለው ጣርማበር ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በቆላ ሙቀት የተቃኘ መሣሪያ እዚህ ሲደርስ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ቢዛባ ባልከፋ። ግን እንዲያ አይደለም። የብረት ክር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይወጠራል፣ ክራሩ ወደ ላይ ይወጣል። ዋሽንቱ ግን ይወርዳል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ የሚሄድበት ፍጥነት ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በሰከንድ 343 ሜትር የሚሄድ ድምፅ በ10 ዲግሪ 337 ሜትር ይሄዳል፤ ይህ ዋሽንቱን የግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ያወርደዋል። ጆሮ የሌለው ሰው እንኳ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» ይላል። ክራር ይቃኛል፤ ዋሽንት ግን ቀዳዳው አንዴ ተበስቷል። ስለዚህ ዋሽንተኛው ሦስቱንም ዋሽንቶች ከጋቢው ሥር ብብቱ ውስጥ ይዞ ነው ተራውን የጠበቀው፤ ከማንሣቱም በፊት ረጅም ትንፋሽ ያለ ድምፅ ሰድዶ የዋሽንቱን ሆድ ያሞቀዋል። ክራሮቹ ደግሞ ከከረጢት ወጥተው መድረኩ ላይ 40 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ተቃኙ። ከዚያ በፊት መቃኘት ልፋት ብቻ ነው፣ መልሶ ይሸሻል።

የማሲንቆው ጣጣ ሌላ ነው። ሰው ሲሞላ በትንፋሹ ቤቱ ይረጥባል፤ የፈረስ ጭራውም ቆዳውም እርጥበቱን ጠጥተው ይላላሉ። በየዘፈኑ መሐል ተጫዋቹ ጆሮውን የማሲንቆው አንገት ላይ ጣል አድርጎ መቃኛውን ሲያዞር ያያችሁት ለዚህ ነው። ክራሩም ቢሆን ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ቅኝት ሲሻገር ክሮቹ እንደገና ይቃኛሉ። ቤቱ ዝም ካለ ሁሉም አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ከተንጫጫ ግን ተጫዋቹ ራሱን ስለማይሰማ ሦስት አራት ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያም የባንዱ ግለት ይበርዳል። እናንተ ዝም አላችሁ። ብዙ ከተማ ይህ አይገኝም።

ኤሌክትሪኩን ላየልን ወንድማችን። ቤዝ ጊታሩ ሲሰካ የመጣው ማቋረጫ የሌለው ጉርምርምታ የስፒከር ብልሽት አልነበረም። የመድረኩ ዕቃ ከአንድ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከሌላ ሶኬት ሲወስዱ በሁለቱ የመሬት ሽቦዎች መካከል ጥቂት ልዩነት ይፈጠራል፣ ያ ልዩነት በድምፅ ኬብሉ በኩል ይዞራል፣ የመብራቱን የ50 ኸርዝ ጉርምርምታ ይዞ ይመጣል። እሱ ሁሉንም ከአንድ ማከፋፈያ አስወሰደው፤ ጠፋ። ለክራሩ ደግሞ ዲአይ ቦክስ (ደካማውን ምልክት ለረጅም ኬብል የሚያመቻች ትንሽ ሳጥን) አስገባበት፤ የክራር ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ዕቃ፣ ደካማ ስለሆነ በረጅም ተራ ኬብል ሲጎተት መንገድ ላይ ያለውን ሁሉ ጫጫታ ይለቅማል። በየቦታው የሚታየው መፍትሔ የመሬቱን ሽቦ መቁረጥ ነው። ጉርምርምታው ይጠፋል፤ ዕቃው አንድ ቀን ሲያፈስ ግን ክሩን የያዘ እጅና ማይኩን የነካ ከንፈር መንገድ ይሆናሉ። ሽቦ የሚቆርጥ ሳውንድ ማን ካያችሁ አስቁሙት።

በ2 ሰዓት ከ20 መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩን ያዋሰን ባለ ዳቦ ቤት፣ ጋሼ፣ ውለታዎን አንረሳም። ላዩ ላይ 10 ኬቪኤ የተጻፈበት ነው፤ ግን ቱርቦ የሌለው ሞተር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አየር ስለሚሳሳበት በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል። እዚህ ከተማ 10 የተባለው 7 አካባቢ ነው። አዲስ አበባ የሠራ ጄኔሬተር እዚህ መጥቶ በሁለተኛው ዘፈን ሲያነጥስ ሰው ነዳጁን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ የሒሳቡ ነው። ይህን አስቀድመው ስለነገሩን ትልልቆቹን መብራቶች አውጥተን ስፒከሮቹን ብቻ ጫንበት። አስነሥተን ወዲያው አልሰካንም፤ ጥቂት ደቂቃ ሞቆ፣ ቴስተሩ 220 ላይ ሲረጋ ሚክሰሩ ቀደመ፣ አምፖቹ (የድምፅ ማጉያዎቹ) ተከተሉ። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ሚክሰሩ ሲነሣ የሚያሰማው ጥይት መሰል ድምፅ ስፒከሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ይህ ሁሉ 11 ደቂቃ ወሰደ። በነዚያ 11 ደቂቃዎች አንድም ሰው አልወጣም። ማሲንቆ ተጫዋቹ ከመድረክ ወርዶ አዳራሹ መሐል ቆመ፤ አዳራሹ 26 ሜትር ርዝመት አለው፣ መድረክ ላይ ቢቆይ የኋላው ሰው አይሰማውም ነበር፣ መሐል ሲሆን ግን አብዛኛው ሰው በ13 ሜትር ውስጥ ነው። እናንተም በዚያ ቀዝቃዛ ሊሾ ላይ ተቀመጣችሁለት። የስልክ መብራታችሁን ወደ ዓይኑ ሳይሆን ወደ ቆርቆሮው አቀናችሁ፣ ብርሃኑም ከላይ ተመልሶ እንደ ጨረቃ ወረደ። ማይክ የሌለው ማሲንቆ ጭራው ጭራውን ሲፍቅ የሚያሰማው ሻካራ ትንፋሽ አለው፤ በስፒከር ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ያን ለመስማት መብራት መጥፋት ነበረበት።

ከፊት ሆናችሁ ጭብጨባውን ለመራችሁ ሴቶች። ድምፅ 26 ሜትር ለመድረስ ከሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይፈጅበታል። የኋላው ሰው ዘግይቶ ሰምቶ ያጨበጭባል፣ ጭብጨባውም ዘግይቶ ወደ ድራመሩ ይመለሳል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን የደርሶ መልሱ መዘግየት የአንድ ምት ሲሶ ይጠጋል። ድራመሩ ያን ከሰማ ዘፈኑ ቀስ በቀስ ይጎተታል፤ ሕዝብ የሚወደው ዘፈን መድረክ ላይ ሁልጊዜ የሚንቀራፈፈው አንድም በዚህ ነው። የፊቶቹ አጥብቃችሁ ስታጨበጭቡ የኋላው ይዋጣል። እልልታችሁ ግን ምት ስለሌለው ከየትም ቢመጣ ደስ ይላል።

ሽልማቱን በሰፌድ ለሰበሰባችሁ ልጆች። ግንባር ላይ ብር መለጠፍ የአገር ወግ ነው፣ አንነቅፈውም። ነገር ግን ሸላሚው ሲወጣ የጊታሩን ፔዳል ይረግጣል፣ ጃክ ይነቅላል፤ ዘፋኙም ማይኩን ዝቅ ሲያደርገው የማይኩ አፍ ወደ ሞኒተሩ (ለራሱ ለዘፋኙ ወደሚያሰማው ስፒከር) ይዞርና ፊድባኩ፣ ማለትም ማይኩ የስፒከሩን ድምፅ መልሶ ሲሰማ የሚነሣው ፉጨት፣ ይጮኻል። ደግሞም ብሩ የዘፋኙ ብቻ ይሆናል። በሰፌዱ የተሰበሰበው ግን ለቤዙም፣ ለከበሮውም፣ ለሾፌሩም ደረሰ። በር ላይ ሙሉ ዋጋ የከፈላችሁ፣ «ወንድሜ ነው አስገባኝ» ያላላችሁም እንዲሁ። በራስ ገንዘብ ሙዚቃ ማውጣት በአገራችን ድፍረት ጠይቆ የቆየ ነገር ነው። የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በፈረንጆች 1969 ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ፈቃዱ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እሱ ግን አሳተመ። ዛሬ የሚከለክል ሕግ የለም፣ የመኪና ኪራይ ነው የሚከለክለው።

የጆሮ መድፈኛ ያከፋፈላችሁ የጤና ተማሪዎች፣ ልጆች ይዘው ለመጡት በተለይ ደርሳችሁላቸዋል። 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚቻል ከሆነ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ እየቀነሰ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ስፖንጁን በጣት አንከባሎ ማቅጠን፣ ጆሮን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ማስገባት፣ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ በጣት መያዝ። ጥጥ መወተፍ እምብዛም አይረዳም።

ይቅርታ የምንጠይቅበትም አለ። በግራ ጥግ የቆማችሁ የአዲስ አበባውን ባንድ ቤዝ አልሰማችሁም። ሁለቱን ሳብዎፈሮች (የቤዙን ወፍራም ድምፅ የሚያወጡትን ስፒከሮች) ግራና ቀኝ አራርቀን ስላስቀመጥናቸው የሁለቱ ድምፅ በአንዳንድ ቦታ እርስ በርሱ ይሰራረዛል፤ በሚቀጥለው መድረኩ ሥር መሐል ላይ አንድ ላይ ይሆናሉ። ከመድረኩ ሥር የተጣበቃችሁ ደግሞ ድራሙን በቀጥታ፣ ዘፋኙን በጭንቅ ሰምታችኋል፤ ስፒከሮቹ ከራሳችሁ በላይ አልፈው ነው የሚያወሩት። ፊት ማየት የሚፈልግ እዚያ ይቁም። መስማት የሚፈልግ ሚክሰሩ አጠገብ፣ ሳውንድ ማኑን ሳይነካ። ለሦስተኛው ባንድ ዘፋኝ፣ ድምፅህን እንወደዋለን፤ የማይኩን ራስ በመዳፍህ ስታፍነው ግን ከኋላው የሚመጣውን የማይሰማው ማይክ ሁሉን መስማት ይጀምራል፣ ያ ሁለቴ የጮኸው ፊድባክ እሱ ነው። እጀታውን ያዝልን።

ሰርግ ቀርቶባችሁ ስፒከር ላከራያችሁን፣ በጥር ወር ይህ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን።

የመንዝ እናቶች፣ ባናዎቹን ሰኞ ልንመልስ ነበር። የመድረኩ አቧራ ስለገባባቸው በቀዝቃዛ ውኃ ነክረን አውጥተናቸዋል፤ በሙቅ ቢነከሩ ይሰበሰባሉ ብለውናል። ውርጩ ጠዋት ጠዋት ላያቸው ላይ እየጋገረ እስካሁን ሦስቱ ብቻ ናቸው የደረቁት። ቤዝ ድራሙ ውስጥ የነበረው ከነጥቁር ጥለቱ ደህና ነው። እስከ ቅዳሜ ታገሡን።