ኔትዎርኩማ ደህና ነው፤ ችግሩ ፋይሉ ላይ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ሞባይል ብዙ ትጽፋላችሁ። ቤት ውስጥ ሙዚቃ ስለ ማዳመጥ ግን አንድም ቀን አላነበብኩምና እኔ የገጠመኝን ልጻፍላችሁ።

ዕድሜዬን ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን የኖርኩ፣ አሁን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ከሥራ ዘመኔ የተረፉኝ አንድ አምፕሊፋየር፣ ሁለት የእንጨት ስፒከሮችና አንድ የሸክላ ማጫወቻ ናቸው። ካቻምና የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ስኩዊዝቦክስ የሚባል፣ ሙዚቃ በኔትዎርክ ተቀብሎ የሚያጫውት ያገለገለ ዕቃ ይዞልኝ መጣ። ሎጂቴክ ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2012 ነው የተወው። ሶፍትዌሩ ግን ኮዱ ክፍት ስለሆነ ፈቃደኞች ተረክበውት እስከ ዛሬ ላይሪዮን በሚል ስም ያድሱታል። ልጄ ስክሪኑ በተሰበረ ላፕቶፗ ላይ ጫነችልኝ። ላፕቶፑ መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሙዚቃውን በራውተሩ በኩል ሳሎን ላለው ስኩዊዝቦክስ ይልካል፤ እሱ ደግሞ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል።

ኬብል ልገዛ ሱቅ ስገባ ሻጩ ልጅ ምን ላደርግበት እንደሆነ ጠየቀኝ። ስነግረው "ፋዘር፣ ለዚህ እኮ አንሊሚትድ ፓኬጅ ያስፈልግዎታል" አለኝ። አያስፈልግም! ፋይሉ የሚሄደው ከመኝታ ቤቴ ወደ ሳሎኔ ነው፤ አንድ ሜጋባይት እንኳ አይቆጠርብኝም። ኢንተርኔት ጭራሽ በጠፋበት ሳምንትም ሲዘፍን ከርሟል። መብራት ሲሄድ ግን እሱም እኔም ዝም እንላለን።

ኬብሉን የገዛሁት በዋይፋይ ማታ ማታ ስለሚቆራረጥብኝ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የጎረቤት ሁሉ ራውተር ሥራ ላይ ነው። አንድ ቀን በስልኬ ስቆጥር 23 የዋይፋይ ስም አገኘሁ። ስኩዊዝቦክሴ አሮጌ በመሆኑ የሚያውቀው ያንኑ የተጨናነቀውን ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው። 15 ሜትር ኬብል በኮርኒሱ ጠርዝ አዞርኩ። ባለቤቴ ስለ ምስማሮቹ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ ሳይጨመቅ በሰከንድ 1,411 ኪሎቢት ነው፤ ፍላክ በሚባለው የፋይል ዓይነት ሲጨመቅ ከድምፁ ምንም ሳይጎድል ወደ ግማሽ ግድም ይወርዳል። ኬብሉ በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ ማለትም 100,000 ኪሎቢት ያሳልፋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተቆራረጠም።

ማድ ቤት ደግሞ ለባለቤቴ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር አስገባሁላት፣ ለምስማሮቹ ካሳ ይሁን ብዬ። የመጀመሪያው ሜሞሪ ካርድ መብራት ሄድ መጣ ሲል ተበላሸ። ከዚያ ፓይኮርፕሌየር የሚባለውን ሶፍትዌር ጫንኩበት፤ ሲነሣ ራሱን ከካርዱ ወደ ራም፣ ማለትም ወደ ኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ሜሞሪ፣ ገልብጦ ስለሚሠራ መብራት ድንገት ቢሄድም ካርዱ አይነካም። አሁን ሳሎንና ማድ ቤት አንድ ዘፈን እኩል ይጫወታሉ።

ይህን ሁሉ ጨርሼ በእርካታ ስቀመጥ ነው ጉዱ የወጣው።

አንድ ሱቅ ሃርድ ዲስኬን ወስጄ "የድሮ ሙዚቃ፣ ፍላክ ይሁን" ብዬ አስሞልቼ ነበር። ሕገ ወጥ ነው ብትሉኝ እውነታችሁን ነው፤ ባለሙያዎቹ ከዚያ ሳንቲም አይደርሳቸውም፣ እኔም አፍራለሁ። ፋይሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ስማቸውም ፍላክ ይላል። ስከፍታቸው ግን ጭብጨባው "ጨ" ማለቱ ቀርቶ እንደ ፈሰሰ ውኃ "ሽሽሽ" ይላል፤ የክራሩ ምት ጫፉ ደንዝዟል። መጀመሪያ ስፒከሩን ጠረጠርኩ፣ ቀጥሎም ኬብሉን። ልጄ "አባዬ፣ እስቲ ፋይሉን እንየው" ብላ ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የድምፁን ስፔክትረም፣ ማለትም ከወፍራም እስከ ቀጭን ያለውን ድምፅ የሚያሳይ ሥዕል፣ አወጣችልኝ። ከ16 ሺህ ኸርዝ በላይ ምንም የለም፤ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ማለትም ከድምፁ እየጣለ የሚጨምቀውን ኤምፒስሪ፣ ያውም በሰከንድ 128 ኪሎቢት የነበረውን ወስደው ፍላክ ልብስ አልብሰውታል። ከሲዲው አሥራ አንድ እጅ አንዱ ብቻ የቀረውን መልሶ ማስፋት የተጣለውን አይመልሰውም። እርግጥ በ67 ዓመቴ 16 ሺህ ኸርዝ ይሰማኛል ብዬ አልምልም። ጭብጨባው ሲበላሽ ግን ይሰማኛል።

ከዚያ የራሴን ሸክላዎች ወደ ፋይል መቅዳት ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁም ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ሰውየው ያንን ደፍሮ ያሳተማቸው ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች፣ ቧጨራ ቢኖርባቸውም፣ ከተሞላልኝ ፋይል ሁሉ የተሻለ ድምፅ አላቸው። አንዱን በአንድ ቀን አልጨርሰውም፤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ መርፌውን እጠርጋለሁ፣ ደግሜ እቀዳለሁ።

ታዲያ ለአሳታሚዎቻችን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እባካችሁ በጋዜጣችሁ አድርሱልኝ። አዲስ አልበም ሲወጣ ዩቲዩብ ላይ ይለቀቃል፣ ስልክ ላይ ይሰማል። ሙሉውን፣ ያልተቀነሰውን ፋይል በገንዘቤ ልግዛ ስል ግን የሚሸጥልኝ አላገኘሁም። ስቱዲዮ ውስጥ እኮ አለ። የካሴት ዘመን ዋናው ሪል ያላችሁም ሪሉ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ወደ ፋይል ቅዱት። ፋይሉን በትክክለኛ ዋጋ ሽጡልኝ፤ ያን ሱቅ ሁለተኛ አልረግጠውም።

ቅዳሜ ከሰዓት ማጫወቻዬ ሥራ ላይ ነው። የጀሞ ጎረቤቶቼ ሸክላ ያላችሁ እንደሆነ አምጡ፤ መርፌውን ባለፈው ወር ቀይሬዋለሁ፣ አይቧጭርባችሁም።

አክባሪያችሁ
ጡረተኛው የሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ፣ ከጀሞ