የትምህርት ቤቱ ግቢ የሰፈሩ መናፈሻ እንዲሆን፦ የድጋፍ ጥሪ

ውድ ጎረቤቶች፣ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፤

ለሰፈራችን መናፈሻ የሚሆን መሬት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። መሬቱ በመካከላችን፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ አለ። ትምህርት በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ቢሰጥ ግቢው ከሳምንቱ 168 ሰዓታት ውስጥ የሚያገለግለው 40 ሰዓት ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ፣ በዓመቱ ረጅም ዕረፍትም ጭምር፣ በሩ ተቆልፎ ይውላል። ከበሩ ውጭ ልጆች በመኪና መንገድ ዳር ኳስ ይጫወታሉ፤ አረጋውያንም አረፍ የሚሉበት ጥላ የላቸውም። ይህን ግቢ በትምህርት ሰዓት የተማሪዎች፣ ከዚያ ውጭ የመላው ነዋሪ መናፈሻ ለማድረግ ተነሥተናል። ይህንንም ያለ እናንተ ልንፈጽመው አንችልም።

ግቢው ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አስፋልት ነው። አስፋልት ጭቃ የለውም፣ ለመጥረግም ይቀላል፤ ያነጠፉትም ለልጆቹ አስበው እንደሆነ እንረዳለን። ነገር ግን ጥቁር ወለል የሚያርፍበትን የፀሐይ ብርሃን አብዛኛውን ይውጠዋል። በጠራራ ቀን ገጹ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ሙቀቱን ለሰዓታት ይለቃል። በዚህ ሁሉ ላይ የሚሮጡት ደግሞ ቁመታቸው አጭር፣ ለወለሉ ከሁላችንም ይልቅ የቀረቡት ሕፃናት ናቸው። ዝናብ ሲመጣ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1,000 ካሬ ሜትር አስፋልት ላይ ሲወርድ 20,000 ሊትር ውኃ ይሆናል። መስረጊያ የሌለው ይህ ውኃ ወደ መንገዱና ወደ ዝቅተኛዎቹ ቤቶች ይጎርፋል። ዛፍና ልቅ አፈር ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላሉ፤ ቅጠሉ ያጠላል፣ እርጥበት እያተነነም አየሩን ያቀዘቅዛል፣ አፈሩም ዝናቡን ይጠጣል።

ሐሳቡ ያልተሞከረ አይደለም። ኒው ዮርክ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የትምህርት ቤት ግቢዎችን ከትምህርት ሰዓት ውጭ ለሕዝብ ክፍት የማድረግ ዕቅድ ይዛ ሠርታለች። ፓሪስ በ2017 እ.ኤ.አ. «ኦአዚስ» የተባለውን ፕሮግራም ጀምራ የትምህርት ቤቶቿን አስፋልት እያነሣች በዛፍና ውኃ በሚያሰርግ ወለል መተካት ያዘች። ባርሴሎናም በ2020 እ.ኤ.አ. አሥራ አንድ ትምህርት ቤቶችን በጥላ፣ በተክልና በውኃ ከሙቀት መጠለያ አድርጋለች። ከእነዚህ ከተሞች የምንወስደው ዋና ነገር ለግቢው ብቻ ተብሎ መሬት መግዛት አለማስፈለጉን ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሰው ሲለግስ ዓይን የሚሞላ ነገር ላይ ቢለግስ ይወዳል፤ ቀለም የተቀባ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ስጦታው የት እንደደረሰ ወዲያው ያሳያሉ። እኛ ግን በግልጽ የምንጠይቃችሁ በመጀመሪያ ለማይታየው ሥራ እንድትሰጡ ነው። አስፋልቱ ተሰብሮ መነሣትና መወገድ አለበት። ከሥሩ ያለው አፈር ለዓመታት ተረግጦ ስለጠጠረ ሥር እንዲገባበት በጥልቀት መፍታት፣ ኮምፖስትም መቀላቀል ያስፈልጋል። የከተማ አፈር እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችልም ልጆች ከመንካታቸው በፊት በላቦራቶሪ መመርመር ግዴታ ነው። ይህ ሁሉ ከመሬት በታች የሚቀር ወጪ ነው፤ ከተዘለለ ግን በላዩ የሚተከለው ሁሉ ይደርቃል።

ቀጥሎ የእንክብካቤው ወጪ ይመጣል። ችግኝ በተተከለ ቀን ፎቶግራፍ የሚነሣ ብዙ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ደረቅ ወራት ውኃ የሚያጠጣ ግን ጥቂት። አንድ ዛፍ ራሱን እስኪችል ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ያለማቋረጥ መጠጣት፣ ዙሪያው ግንዱን በማይነካ ጉዝጓዝ መሸፈን ይኖርበታል። ስለዚህ ከምንሰበስበው ገንዘብ አንዱን ክፍል ለውኃ፣ ለጥገናና ለአትክልተኛ ደመወዝ ለይተን እናስቀምጣለን። ይህ ድርሻ ለግንባታ ቢያጥረን እንኳ አይነካም።

ከዚያ በኋላ መጫወቻዎቹ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና መንገዶቹ ይሠራሉ። ከመወጣጫዎቹ ሥር ልጅ ቢወድቅ የሚያለሰልስ ወፍራም አሸዋ ወይም የእንጨት ፍርፋሪ ይደረጋል። ወንበሮቹ የሚቀመጡት ከጥላ ሥር ሆነው መጫወቻውን በሚያሳዩበት ቦታ ነው። በዊልቸር የሚሄድ ሰው በየትኛውም ጥግ መድረስ ስላለበት የመወጣጫው መንገድ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት እንዲኖረው እንፈልጋለን። ልጆቹም የሚመኙትን ግቢ እንዲስሉ ወረቀት እንሰጣቸዋለን፤ ከእኛ በተሻለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

አንዳንድ ወላጆች የልጆቻቸው ደኅንነት እንደሚያሳስባቸው ነግረውናል። ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ የግቢው በር በዘፈቀደ ይከፈት የሚል ከእኛ መካከል የለም። በመማሪያ ክፍሎቹና በመናፈሻው መካከል ውስጣዊ አጥር ይኖራል። በትምህርት ሰዓት ለጎብኚ አይከፈትም፤ ከዚያ ውጭም የሚከፈተው ጥበቃ ባለበት በተወሰነ ሰዓት ነው። የሚከፍተው፣ የሚዘጋው፣ የሚያጸዳው፣ ጉዳት ሲደርስ ኃላፊነት የሚወስደው ማን እንደሆነ በትምህርት ቤቱና በነዋሪው መካከል በጽሑፍ ውል ይሰፍራል። ውሉ ሳይፈረም አስፋልቱ አይነካም።

የምትሰጡት ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም። ለም አፈር፣ ድንጋይ፣ ችግኝ፣ የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን በዓይነት እንቀበላለን። ቀያሽ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የሕግ ባለሙያ ወይም አናጺ የሆናችሁ ሙያችሁን ስጡን፤ ጉልበት ያላችሁ በቁፋሮው ቀናት ኑ። ለእያንዳንዱ ስጦታ በትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪውም በየወሩ በግቢው በር ላይ ይለጠፋል። ገንዘቡ ለሙሉው ግቢ ባይበቃ በመንገዱ በኩል ካለው ጥግ እንጀምራለን።

ችግኝ የሚተከለው ዝናብ ሲጀምር ስለሆነ አስፋልቱ ከዚያ አስቀድሞ መነሣት፣ የአፈሩ ምርመራም መጠናቀቅ አለበት። ለመስጠት ያሰባችሁ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ዝናቡን ሳትጠብቁ አሁኑኑ ስጡን።